የሆላንዱ ፈቃድ በአዘዞ ሜዳ

ሆላንድ የተላክሁት መንገድ ሥራ እንድማር ነበር። ተማርሁም። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የአይሮፕላን ክበብ እየሄድሁ፣ ለምሳ የሚሰጠኝን ለነዳጅ እየከፈልሁ፣ መንገድ የማይፈልግ ነገርም ጨምሬ ተማርሁ። በዚያ ዘመን በጣም ከስቼ ነበር። አስተማሪዬ፣ «አንተን ይዞ መነሳት ባዶውን እንደ መነሳት ነው» ይለኝ ነበር። ችሎታዬን ያደነቀ መስሎኝ ይህንኑ ለአጎቴ ጻፍሁለት። አጎቴ ደብዳቤውን አስነብቦ ሲያበቃ፣ «ይህ ልጅ አይበላም ማለት ነው» አለና ድርቆሽና በሶ ላከልኝ።

አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈ ያሳደገኝ ይህ አጎቴ ነው። ከማክሰኝት ገበያ እህልና በቅሎ እየገዛ ጎንደር አምጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። አያ እለዋለሁ። በቅሎ ሲገዛ ሌላው ሰው ጥርሷን ያያል፤ እሱ ግን መጀመሪያ ጭነቷን አስወርዶ ጀርባዋን ይዳስሳል። ጥርስ ሊዋሽ ይችላል ይላል፤ ጀርባ ግን አይዋሽም።

አገሬ ከተመለስሁ በኋላ አንድ ዓመት መንገድ ሥራ ላይ አገለገልሁ። ስሰናበት «ቆይ» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ትናንሽ አይሮፕላኖች ያሉት አንድ ድርጅት አብራሪ ይፈልግ ነበር። ማኪና ወደማይደርስበት አገር ጨው ወስዶ ቡናና ቆዳ ይዞ ይመለሳል። ሥራ አስኪያጁ የሆላንድ ፈቃዴን አገላብጦ አየው።

«ይህ ደብተር እዚያ ያስበርርሃል እንጂ እዚህ አያስበርርህም» አለኝ። «ሂድና ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ አስለውጠው። ክረምት ሳይገባ ይዘኸው ከመጣህ ሥራው ያንተ ነው። ክረምት ከገባ ግን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ስለነበር ክረምቱ ሩቅ አልነበረም።

ፈቃድ የሚለውጠው መሥሪያ ቤት ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ደብተሩ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይቅረብ፤ ከትውልድ አገርህ ጠባይህን የሚያውቅ ዋስ አምጣ፤ በመጨረሻም ከፈታኝ ጋር በርረህ አሳይ። ሦስተኛውን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ለሁለቱ ብዬ ወደ ጎንደር ወጣሁ።

ከሆላንድ የገዛሁት የቆዳ ጃኬት ነበረኝ። አብራሪ መሆኔን ሰው በምን ያውቃል ብዬ በዚያ በሚያዝያ ፀሐይ እየለበስሁት ጎንደር ፒያሳ ላይ ወዲያና ወዲህ እል ነበር። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት ማኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ባለፍሁ ቁጥር እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል።

«ካፒቴን!» ይለኛል። «ምነው፣ እዚህ ታችም ይበርድሃል?»

ላብ በጀርባዬ እየወረደ፣ «ልማድ ሆኖብኝ ነው» እለዋለሁ።

ደብተሩን ለማስተርጎም ጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ጸሐፊው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ደብተሩን ወደ ላይም ወደ ታችም አድርጎ አየው።

«ምን ቋንቋ ነው?»

«የሆላንድ።»

«ጎንደር ውስጥ የሆላንድ የሚያውቅ ማን አለ?»

«እኔ።»

«ትርጉሙ ትክክል ነው ብሎ የሚመሰክርስ?»

«ያው እኔው ነኝ።»

መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «ባለጉዳዩ አንተ፣ አስተርጓሚው አንተ፣ ምስክሩ አንተ። ፈታኙስ?»

«እሱ እንኳ ሌላ ሰው ነው።»

«ተመስገን» አለና ማኅተሙን አነሳ።

በትርጉሙ ላይ ውሸት አልጨመርሁም። ትንሽ ስኳር ግን ጣል አድርጌበታለሁ። አስተማሪዬ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሲያርፍ መሬቱን ይመታዋል» ብሎ የጻፈውን «አስተራረፉ ጽኑ ነው» አልሁት። «ችኩል ነው» ያለውን ደግሞ «ለሥራ የሚፋጠን» አልሁት። ጸሐፊው ሲያነበው፣ «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ለቀቁህ?» አለኝ።

ዋሱ አጎቴ ነበር። በማግሥቱ ይዤው መጣሁ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ በትሩን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ጸሐፊው ፊት ተቀመጠ።

«ዋስ ማለት ሰውየውን በተፈለገ ጊዜ የሚያቀርብ ማለት ነው» አለው ጸሐፊው። «ይህን ሰው በተጠየቁ ጊዜ ያቀርባሉ?»

አጎቴ አሰበበት። «መሬት ላይ ከሆነ አቀርበዋለሁ። ሰማይ ላይ ሆኖ እምቢ ቢልስ? በምን አወርደዋለሁ?»

«አያ፣ ስለ መውረዱ አይጨነቁ» አለ ጸሐፊው ሳይስቅ። «እሱስ ያለ ዋስም ይወርዳል።»

አጎቴ በጣቱ ፈረመ። ሲወጣ ግን ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ። «እኔ ለበቅሎ ዋስ ስሆን አትራገጥም ብዬ ነው የምዋሰው። አንተን ምን ብዬ እንደ ተዋስሁህ አላውቅም። አታሳፍረኝ።»

በግንቦት አጋማሽ ከአዲስ አበባ ቴሌግራም መጣ። ፈታኙ ክረምቱ ሳይገባ የአይሮፕላን ሜዳዎችን ሊመረምር በትንሽ አይሮፕላን ወደ ሰሜን ስለሚወጣ፣ እኔም አዘዞ ሜዳ ላይ ጠብቄ እንድፈተን ይላል። ቴሌግራሙን ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ይህ ስህተት ነበር። በቀጠሮው ቀን ግማሽ ከተማ አዘዞ ወረደ፤ ልብስ ሰፊው ሳይቀር ማኪናውን ዘግቶ መጣ።

አይሮፕላኑ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ በሜዳው ላይ አለፈ፤ ከብቶቹን ለማባረር ነው። ዞሮ መጥቶ አረፈ። ፈታኙ ረጅም፣ ዝምተኛ ፈረንጅ ነበር፤ የሸሚዙ ኪስ በእርሳስ የተሞላ። የራሱን ሻንጣ ከአይሮፕላኑ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ ያዘና በእንግሊዝኛ፣ «መጀመሪያ በቃል እጠይቅሃለሁ» አለኝ። ሜዳው ዳር ወዳለው የቆርቆሮ ቤት ስንሄድ አጎቴን ጠርቼ፣ «አያ፣ ሰውም ከብትም እንዳይነካት ጠብቅልኝ» አልሁት። በትሩን ይዞ ከአይሮፕላኑ አጠገብ ቆመ። በቅሎው ከጀርባው ታስራ ነበር። ጭነት እንደ ነበራት አይቻለሁ፤ ከማክሰኝት የመጣ የገበያ እህል መስሎኝ ከቁብ አልቆጠርሁትም።

የቃሉ ፈተና ለእኔ ጨዋታ ነበር።

«ከፍታ ላይ አይሮፕላን ምን ይሆናል?»

እንደ ዳዊት ደገምሁለት። «አየሩ ይሳሳል። ሞተሩ ይደክማል። ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል። ስለዚህ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል።»

«ጥሩ። እንግዲህ ይህ ቦታ ከፍታው እንዴት ነው?»

ሳቅሁ። «ይህማ ከፍታ አይደለም። እዚህ ነው የተወለድሁት።»

ፈረንጁ አንድ ነገር ጻፈ። እኔ ግን የተናገርሁትን ከልቤ አምንበት ነበር። ለጎንደር ሰው ከፍታ ማለት ከዳባት ወዲያ፣ ደባርቅን አልፎ ውርጭ የሚጥልበት የሰሜን ተራራ ነው። ጎንደር መሬት ናት፤ አዘዞ ደግሞ ከመሬትም ቆላ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው «ወደ አዘዞ ወረደ» ሲባል እሰማለሁ እንጂ ወጣ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። መብረር የተማርሁበት ሜዳ በግድብ ተከልሎ ከባሕሩ በታች የተቀመጠ ሆኖ ሳለ፣ በእሱና በአዘዞ መካከል ያለውን ልዩነት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ሁለቱም ላይ ሣር አለ፤ ሁለቱም ሜዳ ናቸው።

ከዚያ አይሮፕላኑን ዞሬ እንድመረምር አዘዘኝ። ጃኬቴን ደረቴ ድረስ ዘግቼ፣ ሕዝቡ እያየኝ፣ በቀስታ ዞርሁ። ጎማውን በእግሬ ነካሁ። ክንፉን ወዘወዝሁ። ዘይቱን አየሁ። የኋላውን የዕቃ በር ግን በዓይኔ አልፌው ሄድሁ፤ ፈረንጁ ሻንጣውን ሲያወጣ አይቼ የለ? ደግሞ በሩን ለመክፈት መጎንበስ ያስፈልግ ነበር፤ ጃኬቱ ደግሞ አያስጎነብስም።

«ሁሉም ደኅና ነው» አልሁ። ፈረንጁ ቀና ብሎ አየኝና ገባ።

ከአጠገቡ ተቀምጬ ከፍታ መለኪያውን ላስተካክል ቁልፉን ያዝሁ። ሆላንድ ሳለን ከመነሳታችን በፊት መርፌውን ዜሮ ላይ እናደርገው ነበር። አዞርሁት። መርፌው ትንሽ ሄደና ቆመ። እንደገና አዞርሁት፤ ቁልፉ መጨረሻው ላይ ደርሶ እምቢ አለ። ዜሮ ገና ሩቅ ነው።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አልሁት።

«መሣሪያው ደኅና ነው» አለ ፈረንጁ። «ከፍ ያለው አገርህ ነው።»

ይህን ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን በመስኮቱ ልብስ ሰፊውን እያየሁ ነበር።

ጊዜው ወደ ስድስት ሰዓት ተጠግቶ ሜዳው ላይ ወበቁ ይንቀለቀላል። ሞተሩን ሙሉ ሰጠሁት። አይሮፕላኗ ሄደች። ጭራዋ ቶሎ መነሳት ነበረባት፤ አልተነሳችም። መሪውን ወደፊት ገፋሁ፤ ጭራዋ እንደ ደከማት ላም መሬት ላይ ተጎተተች። ሜዳው እያለቀ መጣ። ከሜዳው ማብቂያ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ማዶ አንድ ገበሬ ማሳውን ያርስ ነበር፤ በሬዎቹን አቁሞ ወደ እኛ ያያል። ፊቱ እስኪለየኝ ድረስ ቀረብሁት። በዚያች ሰዓት አንድ ልቤ፣ ሰው ሁሉ እያየህ እንዴት ትቆማለህ አለኝ። እጄ ግን ሞተሩን ዘጋው። ፍሬን ያዝሁ። ተንሸራተን ቦዩ አፍ ላይ ቆምን።

ፈረንጁ ቀበቶውን ፈትቶ ወረደ። ወደ ኋላ ሄደና የዕቃውን በር ከፈተ። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። ከዚያ በጣቱ ጠራኝ።

ውስጥ ሁለት ሙሉ ስልቻ ጤፍ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አፉ በኮባ የታሰረ አንድ ገንቦ ማር።

አጎቴ በቅሎው ላይ እንደ ተቀመጠ ደረሰ። ሕዝቡ ይከተለዋል።

«ምነው፣ ደርሳችሁ ተመለሳችሁ እንዴ?» አለ።

«ማን ነው ይህ ሰው?» አለኝ ፈረንጁ።

«አጎቴ ነው። ዋሴም ነው።»

«ጠይቀው። ይህን ማን ጫነው?»

«አያ፣ ይህን ማን ጫነው ይልሃል።»

«እኔ ነኛ! ማን ይጭንለታል?» አለ አጎቴ ከበቅሎው እየወረደ። «ከዚያ ድረስ ለአንተ ብሎ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለስ? እናንተ እዚያ ቤት ስትጫወቱ ነው የጫንሁት። በለው፣ ጤፉ ማኛ ነው። ስልቻዎቹን እኩል አድርጌያቸዋለሁ፤ እንደ በቅሎ ጭነት። ምንም አያጋድል።»

ተረጎምሁ። ፈረንጁ ፊቱን አጨማደደ። «ለእኔ? ጉቦ ነው?»

ይህንንም ተረጎምሁ፤ ጆሮዬ እየጋለ። አጎቴ አልተቆጣም፤ ሰውየው ባለማወቁ አዘነለት እንጂ።

«ጉቦ ቢሆን ሳይፈትንህ በእጁ እሰጠው ነበር። ስንቅ ስለ ሆነ ነው ከኋላ ያስቀመጥሁት። ሲደርስ ያገኘዋል።»

«ታዲያ ለአብራሪው ለምን አልነገረውም?»

«ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» አለ አጎቴ፤ አሁን ወደ እኔ ዞሮ። «እኔ ጭነቱን ሳይዳስስ የሚነሳ መንገደኛ አይቼ አላውቅም። ስትዞራት ስትዞራት አየሁህ። ያየኸው መሰለኝ። ዝም ስትል እሺ ያልህ መሰለኝ። ሸጋ ልጅ፣ ተስማማ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ አላየህም!»

ከኋላ ልብስ ሰፊው፣ «ጃኬቱ ጨንቆት ነው» ሲል ሰማሁት።

እዚያ ሜዳ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ፈረንጁ እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል፤ የምለው ይጻፋል። «ደብቄው ነበር ይላል» ማለት እችል ነበር። አጭር ናት፤ ትርጉም ከሠራሁባት ደብተርም ብዙ የራቀች አይደለችም። ካልሁ ጥፋቱ የአጎቴ ይሆናል፤ እኔ የተበደለ አብራሪ፣ ክረምቱም ሳይገባ ሥራዬን እይዛለሁ። ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ አሰናድቼ ምላሴ ጫፍ ላይ አደረስሁት። አጎቴ አፍ አፌን ያያል። ቋንቋውን አይሰማም፤ ግን እኔ ልክ እሱ የተናገረውን እንደምናገር ጥርጥር የለውም። ከፈረመው ወረቀት ግርጌ ያለው የእሱ የጣት አሻራ ነው።

ቃል በቃል ተረጎምሁት። ስኳር የለበትም። «ዞሮ ሲያይ ያየ መሰለኝ፤ ለካ አላየም ይላል» አልሁ።

ፈረንጁ ጻፈ። ሲጨርስ፣ «ልክ ነህ በለው» አለኝ።

«አያ፣ ልክ ነህ ይልሃል።»

«በምኑ ላይ?»

«በእኔ ላይ።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። «አስተዋይ ሰው ነው» አለ።

«ስለዚህ ወደቅሁ?» ብዬ ፈረንጁን ጠየቅሁት።

«ዛሬ ወድቀሃል። ግን ሞተሩን በጊዜው ዘግተሃል። ብዙ ወጣት፣ ሰው እያየው አይዘጋውም። ነገ ሌላውን ሜዳ ለማየት ከመነሳቴ በፊት፣ በማለዳ አየሩ ሳይሞቅ፣ እንደገና እፈትንሃለሁ። ያንን ካጣኸው ከክረምት በፊት ወደዚህ አልመለስም።»

ጤፉ በመጣበት በቅሎ ተመለሰ። የማሩ ነገር ብዙ አከራከረ፤ አጎቴ ገንቦውን ካልወሰደ አልንቀሳቀስም አለ፤ በመጨረሻ ፈረንጁ በአንዲት ጠርሙስ ተስማማ። ጠርሙሷንም ከመቀበሉ በፊት በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘናት።

በማለዳ ስመጣ ጃኬቱን ቤት ትቼው ነበር። በርዶኛል። የዕቃውን በር ከፈትሁ፤ እጄን ከትቼ ጥግ ጥጉን ዳሰስሁ። ከወንበሮቹ ሥር ተንበርክኬ አየሁ። የፈረንጁን ሻንጣ አነሳሁና አስቀመጥሁ።

«ኪሴንም ትፈትሻለህ?» አለኝ።

«ካልከፋህ» አልሁት። አልከፋውም። ከእርሳሶቹ በቀር ምንም አልነበረውም።

ከፍታ መለኪያውን እንደ ነገረኝ የቦታው ቁጥር ላይ አደረግሁት። ሞተሩን ሰጠሁ። ረጅም ሮጥን፤ ከሆላንዱ እጥፍ ያህል። ጭራዋ ተነሳች፤ ቀጥሎ ጎማዎቹ። ቦዩን፣ ማሳውን፣ ሊያርስ የወጣውን ገበሬ አለፍን። ከፍ ስንል ከተማዋን አየኋት፤ ያደግሁበትን ቤት ፈለግሁ፤ ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አላገኘሁትም። ወደ ሰሜን ያሉት ተራሮች ግን ያው ከበላያችን ነበሩ። መርፌውን አየሁ። እኛ ወጣን ስንል እነሱ ገና መጀመራቸው ነበር። የተወለድሁበት አገር ከፍታ መሆኑን ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

ሳርፍ የሆላንዱ አስተማሪዬ እውነተኛ ሰው እንደ ነበር ተረጋገጠ። ፈረንጁ ጥርሱን ነክሶ ቻለው።

ወረቀቱን ክንፉ ላይ አስደግፎ ፈረመልኝ። ፈቃዱ ተለውጧል። ከፊርማው በታች ግን አንድ መስመር ጨመረ፤ ለስድስት ወር ያህል ጭነት ይዞ እንዳይበርር የሚል። አጎቴ ምን እንደ ተጻፈ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት።

«ጭነት? እኔን ነው የቀጣው?»

«አይ አያ፣ እኔን ነው።»

«እንግዲያው ደኅና» አለና የበቅሎውን መቀነት ጠበቅ አደረገ።

ሰኔ ሳይጋመስ አዲስ አበባ ደርሼ ፈቃዱን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ክረምት ሳይገባ አምጥተሃል፤ ቃሌን አላጥፍም» አለ። «ግን የእኛ ሥራ ጭነት ብቻ ነው። ምን ላድርግህ?»

ሚዛን ላይ አስቀመጠኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሌላው አብራሪ ሲበርር እኔ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ቡናና ጨው እየመዘንሁ ጻፍሁ። ነጋዴዎቹ ሰላምታ እየሰጡኝ ሚዛኑን በእግራቸው ሊነኩ ይሞክሩ ነበር። አይሆንም እላቸዋለሁ። ዝና አተረፍሁ፤ በአብራሪነት ግን አይደለም።

በሰባተኛው ወር እግዱ ተነሳልኝ። የመጀመሪያው ጭነቴ ቆዳ ነበር። አንድ በአንድ እየመዘንሁ ጫንሁት፤ አንዱ ትንሽ እርጥብ መስሎኝ እንደገና መዘንሁት። ስጨርስ ጊዜው ቀትር ሆኖ፣ አየሩ ሞቆ፣ የምሄድበትም ተራራ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ መጀመሪያ ደመናውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ትክክል መዝነሃል» አለኝ። «ግን አልበረርህም።»

አውርደን መጋዘን አስገባነው። በማግሥቱ ማለዳ እንደገና መዝኜው በረርሁ።